በ26 ዓመቴ ጥርሴን አሳሰርኩ፤ ሂሳቡ ይኸውላችሁ

«በዚህ ዕድሜ ጥርስ ይታሰራል እንዴ?»

ብሬስ ካሳሰርኩ ወዲህ በብዛት የተጠየቅኩት ይሄንን ነው። ባጃጅ ውስጥ፣ ባንክ ወረፋ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ጠያቂው ብዙ ጊዜ አፉን በእጁ ሸፈን አድርጎ ነው የሚያናግረኝ። ያኔ ጥያቄው ስለ እኔ እንዳልሆነ ይገባኛል። ለእያንዳንዱ ከመመለስ አንዴ ብጽፈው ይሻላል አልኩ። ከታሰርኩ ስምንት ወር አልፎኛል፣ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፣ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ሦስቱም ለዚህ ጽሑፍ ያስፈልጋሉ።

መጀመሪያ የዕድሜውን ነገር እንጨርሰው። ጥርስ አጥንት ላይ እንደ ሚስማር የተመታ አይደለም። በሥሩና በአጥንቱ መሃል ስስ ጅማት አለ፤ ጥርሱ የተንጠለጠለው በእሱ ነው። ሽቦው ጥርሱን ቀስ አድርጎ ወደ አንድ ወገን ሲገፋው፣ በተገፋበት በኩል ያለውን አጥንት የሰውነታችን ሴሎች እየበሉ ቦታ ይለቃሉ። ከኋላ ባዶ በቀረው በኩል ደግሞ ሌሎች ሴሎች አዲስ አጥንት ይሠራሉ። ይሄ ነገር በ12 ዓመትም በ50 ዓመትም ይሠራል፤ ፍጥነቱ በወር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የሆሊውዱ ቶም ክሩዝ እ.ኤ.አ. በ2002 ብሬስ አድርጎ አደባባይ ሲወጣ ዕድሜው 40 ገደማ ነበር። ስለዚህ ዕድሜ አላለፈባችሁም።

ለአዋቂ የሚለየው ሌላ ነገር ነው። የልጅ መንጋጋ ገና እያደገ ስለሆነ ሐኪሙ ዕድገቱን ሊመራው ይችላል፤ የእኛ አድጎ ጨርሷል። ችግሩ ከጥርሶቹ ሳይሆን ከመንጋጋው አጥንት ከሆነ፣ ለምሳሌ የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው በጣም ቀድሞ ከወጣ፣ ሽቦ ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ ቀዶ ሕክምናም ሊያስፈልግ ይችላል። ድድም አለ። ድዱ የሚደማ፣ ጥርሱ የሚነቃነቅ ሰው መጀመሪያ ድዱን ነው የሚታከመው፤ በታመመ ድድ ላይ ጥርስ መግፋት ጥርሱን እስከ ማጣት ሊያደርስ ይችላል። የጥርሱ ሥርም በሕክምናው ምክንያት በጥቂቱ ሊያጥር ይችላል። ለዚህ ነው ራጅ ሳያነሱ «ነገ ነይና ልሰርልሽ» ከሚሉ ሰዎች መሸሽ ያለባችሁ። ደግሞ ማንም ቀድሞ የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ፦ ተደራርበው የኖሩ የአዋቂ ጥርሶች ሲስተካከሉ በመሃላቸው፣ ድዱ ጋ፣ ትንንሽ ጥቁር ሦስት ማዕዘን ክፍተት ሊታይ ይችላል። የአዋቂ ድድ እንደ ልጅ ድድ ቦታውን አይሞላም። እኔ ታችኛው ላይ አንዲት አለችኝ። ሐኪሙ አስቀድሞ ስለነገረኝ አልደነገጥኩም።

የሚያስረው ስፔሻሊስት ኦርቶዶንቲስት ይባላል። ለባጃጅ ሹፌሩ ነግሬው «የኦርቶዶክስ ሐኪም?» ብሎ ግራ ገብቶት ዞሮ አየኝ። ብዙም አልተሳሳተም፤ ሁለቱ ቃላት ዘመዳሞች ናቸው። በግሪክ «ኦርቶስ» ቀጥ ያለ፣ ትክክል የሆነ ማለት ነው፤ «ኦዶንት» ደግሞ ጥርስ።

ጥርስ ለምን ይጣመማል የሚለው መልሱ ብዙ ነው። ገሚሱ ዘር ነው፤ ትንሽ መንጋጋ ከእናት፣ ትልልቅ ጥርስ ከአባት ከመጣ ቦታ አይበቃም። ገሚሱ ግን እኛ ያመጣነው ነው። ሰው ጥርሱን ሲያመው «ይነቀልልኝ» ይላል፣ ያስነቅላል፣ ያስነቀለበትን ቦታ ባዶ ትቶ ይሄዳል። ከጎኑ ያለው መንጋጋ ጥርስ ወደ ባዶው ቦታ እየተጋደመ ይመጣል፤ ከዓመታት በኋላ ንክሻው ሁሉ ይዛባል። የባሰው ደግሞ የሕፃን ልጅ ድድ ተቆፍሮ የሚወጣው የወተት ጥርስ ነው። ተቅማጥ ወይም ትኩሳት የያዘው ሕፃን «ጥርሱ ነው ያመመው» ተብሎ ገና ያልበቀለ ክራንቻው በስለት ይወጣል። በአገራችን ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ዝርዝር ውስጥ ከእንጥል ማስቆረጥ አጠገብ የሰፈረው ይሄ ነው። ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስ ከተነካ ሲያድግ ተጣሞ ወይም ያለ ቦታው ሊበቅል ይችላል፤ ጭራሽ ላይበቅልም ይችላል።

እኔ ጋ ዘር ነው። የታች የፊት ጥርሶቼ እንደ ታክሲ ወረፋ አንዱ ባንዱ ላይ ተጋፍተው ነበር። ከላይ ደግሞ ፍንጭት ነኝ።

እዚህ ጋ እናቴ ትግባ። ልታሰር ነው ስላት ስለ ገንዘቡ አልጠየቀችኝም። «ፍንጭትሽንም ልታዘጊያት ነው?» ነው ያለችው። ድምጿ ቤት ልሸጥ ነው ያልኳት ነው የሚመስለው። እኛ አገር ፍንጭት ጥርስ ስንት የተዘፈነለት ነገር ነው። ከጎጃም የመጣችው አያቴ ደግሞ ነጭ ጥርስ በጥቁር ድድ ላይ ያምራል ተብሎ ድዷን ተነቅሳ ነው የተዳረችው። ለእነሱ የአፍ ውበት ማለት ይሄ ነው።

ሽቦው ግን ከነመለኪያው ነው ከውጭ የመጣው። የዘመናዊው የጥርስ ማስተካከል ሕክምና አባት የሚባለው አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 የጥርስ ንክሻን በሦስት መደብ ከፈለ፤ ዛሬም የእኔ ካርድ ላይ የተጻፈው በእሱ አከፋፈል ነው። ይሄ ሰው መጀመሪያ ላይ የፊት ውበትን የሚመዝነው አፖሎ ቤልቬዴሬ በሚባለው ጥንታዊ ሐውልት ነበር። ሐውልቱ ፍንጭት አይደለም። በመማሪያ መጽሐፍም ፍንጭት የሚዘጋ ክፍተት ነው እንጂ የሚዘፈንለት ነገር አይደለም። ሐኪሜ ኮምፒዩተር ላይ ዕቅዱን ሲያሳየኝ የላይ ጥርሶቼ ግጥም ብለው ነበር።

«ዶክተር፣ እሷን ይተዉልኝ» አልኩት።

ሳቀ። ቀጥሎ ግን ጥሩ ነገር ነገረኝ፦ የተዘጋ ፍንጭት ሽቦው ከወጣ በኋላ ተመልሶ መከፈት ይወዳል፤ እንደተዘጋ እንዲቆይ ከጥርሱ ጀርባ ቀጭን ሽቦ ለዓመታት ተጣብቆ መቅረት አለበት። ጠበብ አድርጎ ሊተዋት ተስማማንና ፋይሉ ላይ ጻፈው። አዋቂ ሆኖ የመታሰር ትልቁ ጥቅም እኔ ጋ ይሄ ነው። ልጅ ወላጁ ወስዶት ይታሰራል፤ እኛ ግን ከፋይም ፈራሚም ነን። የሚስተካከለውንና የሚተወውን መናገር እንችላለን። ካልተናገርን ግን የሚሠራልን መጽሐፉ ላይ ያለው ነው።

ሐዋሳ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፤ እሱም ውሃው ነው። ያለነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ከዚህ እስከ ባቱና ወንጂ ድረስ በብዙ ቦታ የከርሰ ምድሩ ውሃ ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ያልፋል። ጥርሱ ድዱ ውስጥ እየተሠራ ባለበት ዕድሜ፣ በግምት እስከ 8 ዓመት፣ ይሄን ውሃ ሲጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ነጠብጣብ ወይም ቡኒ ሆኖ ይወጣል። በከሰልም በመፋቂያም አይለቅም፤ ቀለሙ ከውስጥ ነው። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ እንዲህ ናት። የእኔን አይታ እሷም ልትታሰር ሄደች። ሐኪሙ መስታወት ሰጥቶ «የሚያስጠላሽ የቱ እንደሆነ በጣትሽ አሳዪኝ» አላት። እየደጋገመች ያሳየችው ቀለሙን ነው። ጥርሶቿ ትንሽ ብቻ ነው የዘመሙት። ብሬስ ቀለም አይቀይርም። ሁለት ዓመት ታስራ፣ ከፍላ፣ በመጨረሻ ቀጥ ያሉ ቡኒ ጥርሶች ነበር የሚኖሯት። አሁን የቀለሙን ሕክምና እያጠያየቀች ነው። ሌላም አለ። ብራኬቱ (ጥርሱ ላይ የሚለጠፈው ትንሹ ቁራጭ) ከመለጠፉ በፊት የጥርሱ ሽፋን በአሲድ ሻከር እንዲል ይደረጋል። ፍሎራይድ የበዛበት ሽፋን ግን አሲዱን ይቋቋማል፤ ማጣበቂያው እንደ ሌላው አይዝም፣ ብራኬቱም ቶሎ ቶሎ ይወድቃል። ይቻላል፣ ግን የሐኪሙን ልምድም የእናንተንም ትዕግሥት ይጠይቃል። ያደጋችሁት በጉድጓድ ውሃ ከሆነ ከመጀመሪያው ቀን ተናገሩ።

አሁን ሂሳቡ።

የብር ቁጥር እዚህ አልጽፍም። ዋጋው ከክሊኒክ ክሊኒክ፣ ከወር ወር ስለሚለያይ የእኔ ቁጥር ለእናንተ አይሠራም። የሚሠራው አቆጣጠሩ ነው። ሁለት ቦታ ጠየቅኩ። አዲስ አበባ ያለው ክሊኒክ የነገረኝ ዋጋ ሐዋሳ ካለው ያነሰ ነበር። ስፔሻሊስቶቹ በብዛት ያሉት እዚያ ስለሆነ ውድድር አለ። ኢንስታግራም ላይ የሚታየው ዋጋም ይሄው የመታሰሪያው ዋጋ ነው። ብሬስ ግን አንዴ ተገዝቶ የሚያልቅ ዕቃ አይደለም። በአማካይ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ እኔን ያሉኝ 24 ወር ነው፣ በየወሩ ቀጠሮ። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ 550፣ በ24 ሲባዛ 13,200 ኪሎ ሜትር። የምድር ዙሪያ አንድ ሦስተኛ ማለት ነው፤ ወንበሩ ላይ ለሃያ ደቂቃ ተቀምጦ ሽቦ ለማስቀየር። የመኪናው፣ የምሳው፣ አንዳንዴም የአልጋው ሂሳብ በላዩ አለ። ከዚህ ሁሉ በላይ 24 የሥራ ቀን አለ። እንደ እኔ በሥራው ብዛት ለሚከፈለው ሰው የቀረ ቀን የቀረ ገቢ ነው። ይሄን ሁሉ ስደምር ርካሹ ክሊኒክ ውድ ሆነ፤ በወር አንዴ ከአዲስ አበባ እየመጣ የሚያክመው የሐዋሳው ሐኪም ርካሽ ሆነ። ብራኬት በወደቀ፣ ሽቦ ጉንጭ በወጋ ቁጥር የሚጨመረውን ጉዞ ገና አልቆጠርኩትም።

ሁለተኛው ጉዳይ ዶላር ነው። ብራኬቱም ሽቦውም ማጣበቂያውም ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 1 ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ወር ሳይሞላ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን ግማሽ መንገድ ላይ የነበረ ታካሚ ምን እንደሚገጥመው አስቡት። አፉ ውስጥ ሽቦ ያለበት ሰው «ውድ ነው፣ ሌላ ሱቅ ልይ» አይልም። የጀመራችሁትን ሕክምና ሌላ ሐኪም ተቀብሎ ለመጨረስም ብዙ ጊዜ አይወድም። ስለዚህ እኔ ከመታሰሬ በፊት በወረቀት ያስጻፍኩት ነገር አለ፦ ጠቅላላ ዋጋው እስከ መጨረሻው እንደማይለወጥ፣ የወደቀ ብራኬት ማስለጠፊያ ስንት እንደሆነ፣ በመጨረሻ የሚሰጠው ሪቴነር ዋጋው ውስጥ መግባት አለመግባቱን፣ ሐኪሙ ክሊኒኩን ቢለቅ ማን እንደሚጨርስልኝ። የመጨረሻውን ስጠይቅ እንግዳ ተቀባይዋ «እስካሁን ማንም ጠይቆን አያውቅም» አለችኝ። ክፍያውንም በአንዴ አልጨረስኩም። የመጀመሪያው ከዕቁብ ወጣ፤ የቀረው በየቀጠሮው ነው። እነሱ ሲሠሩ እከፍላለሁ።

ኑሮውስ? የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ቀናት ይከብዳሉ። ሕመሙ የሚጮህ ዓይነት አይደለም፤ እንጀራ ስትነክሱ ብቻ ጥርሳችሁ የእናንተ ያልሆነ ያህል ይሰማችኋል። አጥሚት ጠጣሁ። አራስ ጠያቂ እንጂ አራስ ሆኜ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው ቀጭን ሽቦ ግን ገራሚ ነገር ነው። ናይቲኖል ይባላል፤ ኒኬልና ታይታኒየም ነው። በአሜሪካ ባሕር ኃይል የጦር መሣሪያ ቤተ ሙከራ የተገኘ ብረት ሲሆን የስሙ መጨረሻም የቤተ ሙከራው ምህጻረ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጆርጅ አንድሬሰን የተባለ ሐኪም ወደ ጥርስ አመጣው። ቢያጣምሙት ወደ መጀመሪያ ቅርጹ ለመመለስ ይታገላል፤ የእኔን ጠማማ ጥርሶች ይዞ ቀስ እያለ የሚጎትተው ይሄው ትግሉ ነው።

ምግብ ላይ የተሰናበትኳቸው አሉ፦ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሸንኮራ፣ ክረምት ላይ ሐይቁ ዳር የሚጠበሰው በቆሎ። በቆሎውን በእጄ እየፈለፈልኩ እበላለሁ፤ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ የሚስቁብኝ አሉ። አሞራ ገደል ሄጄ ቆሮሶ ጥብስ መብላት ግን አልተከለከልኩም፣ በጣት እየቆረሱ ስለሚበላ። የምትቅሙ ደግሞ ቅጠሉ ሽቦ ውስጥ ገብቶ እንዴት እንደሚጠመጠም ለራሳችሁ ተዉኩት። ከሁሉ ያስቸገረኝ እርድ ነው። ሽቦውን የምታስረዋ ትንሿ ላስቲክ ቀለም ትመጣለች። ግልጽ የሆነውን መርጬ የወጣሁ ዕለት ማታ አልጫ በላሁ፤ ጠዋት ስነሳ አፌ ቢጫ ነበር። በርበሬም ቡናም ይነካታል። አሁን ጥቁር ሰማያዊ ነው የማሳስረው።

ጽዳቱ ቀልድ የለውም። ከምግብ በኋላ ሁሌ ነው፤ ቦርሳዬ ውስጥ ብሩሽ፣ በሽቦው ሥር የምትገባ ትንሽ ብሩሽና ሰም አለ። በደንብ ያልተጸዳ ጥርስ ብራኬቱ ሲነሳ ዙሪያውን ነጭ ምልክት ይዞ ይቀራል። ያ ምልክት የመበስበስ መጀመሪያ ነው። ጥርስ አስተካክሎ ማበላሸት ይቻላል።

«ለምን ያንን የማይታየውን አታደርጊም?» የሚሉኝም አሉ። አላይነር ነው፤ እየተነሳ የሚደረግ ግልጽ የፕላስቲክ ሽፋን። ኢንቪዛላይንን የሚሠራው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲቋቋም ሐሳቡ የመጣው አዋቂ ሆኖ ብሬስ ካሰረ የስታንፎርድ የቢዝነስ ተማሪ ነው። በሐኪም ቁጥጥር ሲሆን ጥሩ ይሠራል፤ ዋጋው ግን ለእኔ አልሆነም። አደጋው ያለ ሐኪም የሚሸጠው ላይ ነው። ስማይል ዳይሬክት ክለብ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ አላይነር በፖስታ እየላከ እ.ኤ.አ. በ2019 አክሲዮን ገበያ ሲገባ ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር ተገምቶ ነበር። በ2023 መስከረም ላይ ኪሳራ አወጀ፤ ታኅሣሥ ላይ ተዘጋ። ጥርሳቸው መንገድ ላይ እያለ ሐኪም ያጡ ደንበኞች ነበሩ። በየወሩ የሚከፍሉት ደግሞ ክፍያችሁን ቀጥሉ ተባሉ። ታይላንድ ውስጥ ያለ ሐኪም የሚለጠፍ የፋሽን ብሬስ ተስፋፍቶ መንግሥት ሽያጩን እስከ መከልከል ደርሷል። ቴሌግራም ላይ «ቤትዎ ድረስ መጥተን እናስራለን» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እሱን አስታውሱ።

እኔ 16 ወር ይቀረኛል። እሱ ሲያልቅ ግን ሂሳቡ አይዘጋም። ጅማቱ ጥርሱን ወደ ድሮ ቦታው መሳብ ስለማያቆም ሪቴነር አለ፤ መጀመሪያ ቀንም ሌሊትም፣ በኋላ ማታ ማታ፣ ለዓመታት። በልጅነታቸው ታስረው ሪቴነሩን የተዉ፣ አሁን በሠላሳዎቹ ዕድሜ ተመልሰው እየታሰሩ ያሉ ሰዎች ክሊኒኩ ወረፋ ላይ አግኝቻለሁ። ሐኪሜ እንደሚለው ሪቴነር በብዛት የሚጠፋው በአንድ መንገድ ነው፦ ምግብ ቤት ውስጥ በሶፍት ተጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ አስተናጋጁ ከሰሃኑ ጋር አንስቶት ይሄዳል። ማስቀመጫ ሳጥኑን ከአሁኑ ገዝቻለሁ። ደማቅ ብርቱካንማ ነው፣ ከሩቅ እንዲታይ።